ዝም የማለት ፈተና

ክፍል ውስጥ እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት የለም። ኮንትሮል ዜድ ነው የሚሏት፤ ኮምፒውተር ላይ የሠሩትን መልሶ የሚያጠፋውን ትእዛዝ። እውነታቸውን ነው ደግሞ። አንድ መስመር ታሰምራለች፣ ታጠፋዋለች። መልሳ ታሰምራለች፣ አሁንም ደስ አይላትም፣ ታጠፋዋለች። ጓደኞቿ ሦስት ገጽ ሠርተው ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ እሷ አንዷን ገጽ ለሦስተኛ ጊዜ አፍርሳ ትጀምራለች። ስንፍና እንዳይመስላችሁ፣ ፍርሃት ነው። ፈሪ ሰው ሥራ የሚበዛበት ለዚህ ነው፤ አንዱን ነገር ደጋግሞ ይሠራዋላ!

ዲጂታል ዲዛይን ሲባል ሰው ሁሉ ሥዕል መሳል ይመስለዋል። አባቷም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎት "ጎሽ፣ የእኔንም መልክ ትስይልኛለሽ" ብሏት ነበር። ሥራው ግን ሌላ ነው። ሰው ስልኩን ሲከፍት የቱ ጋ እንደሚነካ፣ ቀድሞ ምን እንደሚያይ፣ ከተሳሳተ በየት በኩል እንደሚመለስ ማሰብ ነው። ያውም ቀኑን ሙሉ መጋረጃው የማይገለጥ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ። ክፍሉ ሃያ አራት ኮምፒውተር አለው፤ የሚሠሩት አሥራ ዘጠኙ ናቸው፤ ተማሪው ደግሞ ሃያ ሁለት ነው። ጠዋት ቀድመው ያልደረሱ ሦስት ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ላፕቶፓቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ከሦስቱ አንዷ ብዙ ጊዜ እሷ ናት፤ ቤት ሆና ያለቀ ሥራ ስታፈርስ ታረፍዳለች።

መምህራቸውን ፒክስል ይሉታል። ፒክስል ማለት ስክሪን ላይ ካሉት ነጥቦች ሁሉ ያነሰችው ናት። ሰውየው በር ላይ ቆሞ፣ መነጽሩን እንኳ ሳያስተካክል "ያንቺ ሣጥን አንድ ፒክስል ወደ ግራ ሄዷል" ይላል። ይለካል። ሄዷል! ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀልድ ሲሰማ ከተማሪው በላይ የሚስቀው እሱ ነው። ደንብ ካወጣ ግን አወጣ ነው፤ የወለደው አባቱ መጥቶ ቢለምነው አይሽረውም።

ከደንቦቹ ሁሉ ተማሪውን የሚያንቀጠቅጠው የሙከራው ደንብ ነው። ተማሪው የሠራውን አፕ አይቶት የማያውቅ፣ ዕድሜው ከሃምሳ በላይ የሆነ ሰው ይዞ ይመጣል። ለሰውየው ክፍሉ ፊት ስልክ ይሰጠዋል፤ የሚነካው ሁሉ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ይታያል። የሠራው ተማሪ ከኋላ ይቀመጣል፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ ዝም ይላል። አይጠቁምም፣ አይስልም፣ "እህ" አይልም። "አፑ ገበያ ላይ ሲወጣ ከእያንዳንዱ ሰው ኋላ ቆማችሁ 'ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ' ልትሉ ነው እንዴ?" ይላል ፒክስል። "ዝም አይነቅዝም። ሞካሪው ቢሳሳት ችግር የለም፤ ስህተቱን ጽፈን እናስተካክለዋለን፤ ታልፋላችሁ። አፉን የከፈተ ግን ወደቀ።"

ኮንትሮል ዜድ አምና አፏን ከፍታለች። የጎረቤታቸውን ሴትዮ ይዛ መጥታ፣ ሴትዮዋ መሃል ላይ ግራ ሲገባቸው፣ ሳታስበው "ከላይ ነው እማማ" አለች። በዚህች በሦስት ቃል ትምህርቱን እንዳለ ወደቀች። ዘንድሮ እየደገመችው ነው። በኮሌጁ ሕግ ደግሞ አንድን ትምህርት ሁለት ጊዜ የወደቀ ይሰናበታል፤ ሦስተኛ ዕድል የሚባል ነገር የለም። እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ ስትፈራ የኖረችው አንድ ነገር ነው፤ የገዛ አፏን። ከንፈሯን መንከስ ልማድ ሆኖባት የታችኛው ከንፈሯ ቆስሏል።

የዘንድሮ ሥራዋ የጤና ጣቢያ ቀጠሮ ማስያዣ አፕ ነው። ሰው ክፍል ይመርጣል፣ ቀን ይመርጣል፣ ያረጋግጣል፤ በቃ። ቀለም የለውም። ፒክስል የመጀመሪያው ሙከራ በግራጫ ብቻ ይሁን ይላል፤ ቀለም ጥፋት ይሸፍናል ባይ ነው። ስለዚህ በጣት የሚነኩት በተኖች ሁሉ ግራጫ ሣጥኖች ናቸው፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው ላዩ ላይ የተጻፈው ቃል ነው።

ሞካሪ እንዲሆኑላት የለመነቻቸው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ሙከራው ሐሙስ ሊሆን ማክሰኞ ከሰዓት ደወሉ። "ልጄ፣ ወንድሜ አርፎብኝ መንገድ መውጣቴ ነው፤ አትቀየሚኝ" አሏት። "እግዜር ያጽናዎት" ብላ ስልኩን ዘጋችና አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ለሟቹ ማዘን ሲገባት ለራሷ አዘነች፤ በዚህም ደግሞ አፈረች። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ! በሁለት ቀን ውስጥ ሌላ ሰው ከየት ታምጣ?

"ምን ሆነሽ ነው ድምፅሽ የጠፋው?" አላት አባቷ በሩ ላይ ቆሞ።

አባቷ የዳቦ መኪና ሾፌር ነው። ከዳቦ ቤት ጭኖ ለሰላሳ አንድ ሱቅ ያደርሳል፤ ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ መስመር። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ የሁለቱ ብቻ ነው። እሱ ያበስላል፣ እሷ ታጥባለች፤ እሱ ያወራል፣ እሷ ትሰማለች። ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር፣ የሞተ ሰው ማስታወቂያ ሳይቀረው የሚያነብ ሰው ነበር። አሁን አሁን ግን "አንቺ አንብቢልኝ፤ አፍሽ ታስሮ ሊቀር ነው፣ ትንሽ ይፈታ" እያለ እሷን ማስነበብ ጀምሯል። እሷም ለእሷ አስቦ መስሏት ደስ ይላታል።

ነገሩን ነገረችው።

"ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው እዚህ የተቀመጥኩት? ሃምሳ ስምንቴን ደፍኛለሁ፤ ምን ጎደለኝ?"

"አባዬ፣ ቀልድ አይደለም እኮ። ብትሳሳትስ?"

"ሞካሪው ቢሳሳት ችግር የለም ብሏል አላልሽኝም?"

ብሏል። በማግስቱ ረቡዕ ጠዋትም በዓይኗ አየችው። ጓደኛዋ ሎጎ፣ ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ የራሱን ምልክት ካልለጠፈ የማይሆንለት ልጅ፣ አክስቱን አምጥቶ ነበር። አክስትየው ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ጠፉና ዞረው "አንተ ልጅ፣ ትነግረኝ እንደሆን ንገረኝ! ምን ይዘጋሃል?" ብለው ጮኹበት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሎጎ የአንገት ልብሱን ጫፍ ጎርሶ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ድረስ ዝም አለ። አለፈ! አክስቱ እስከ ግቢው በር ድረስ እየተቆጡት ሄዱ፤ እሱ ግን አለፈ።

ፍርሃት ግን ምክር አይሰማም። የጎረቤት ሴትዮ ግራ ሲገባቸው ዝም ማለት ያቃታት ልጅ፣ የገዛ አባቷ ሰው ፊት ግራ ሲገባው ልትችል ነው? አትችልም፤ ራሷን ታውቃለች። ስለዚህ አባቷ ጭራሽ እንዳይሳሳት ማድረግ አለባት። ፍርሃት ሰውን ሌባ የሚያደርገው እንዲህ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ከነገ በፊት ሊያየው የማይገባውን አፕ ልታስጠናው ወንበር ጎትታ ጎኑ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ላይ አልሆነም። ስልኩን ወደ ፊቱ አቀረበው፣ አራቀው፣ ወደ መስኮቱ ዞረበት። "መብራቱ ነው" አለ። ነካ፤ ሌላ ገጽ መጣ። እንደገና ነካ፤ የባሰ ሆነ። "አይ የእናንተ ነገር! ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጋችሁት ሰው በምን ይለየው?"

"ተጽፎበት የለም እንዴ? አንብበው እንጂ አባዬ!" ድምጿ ሳታስበው ከፍ አለ።

"እሺ፣ እሺ፣ አትቆጪኝ። ቦታውን ብቻ አሳዪኝ። እኔ ቦታ ካወቅሁ አልረሳም።"

አውራ ጣቱን ይዛ አሳየችው። ክፍል ለመምረጥ ከላይ ሁለተኛው። ቀን ለመምረጥ መሃል ላይ። ለማረጋገጥ ደግሞ ታች፣ በቀኝ በኩል፣ ጣቱ ራሱ የሚያርፍበት። በሦስተኛው ጊዜ ውልፍት አላለም። በአሥረኛው ጊዜ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ እያፏጨ ጨረሰው። "ይኸው! ተጨፍኖም ይሠራል!" አለ። ልጅቷ ከስንት ቀን በኋላ ከልቧ ሳቀች። አንገቱን አቅፋ "አንተ እኮ ጀግና ነህ" አለችው። ያን ቀን እህል በአፏ ዞረ።

ሐሙስ ጠዋት አባቷ ዳቦውን አድርሶ ሲመለስ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ሙከራው አራት ሰዓት ላይ ነው። ትኩስ ዳቦ የሚሸተው መኪና ውስጥ ጎኑ ገባች። ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፤ ሁልጊዜም ቀስ ይላል፤ ከኋላ ያሉት ጥሩምባ ሲያስጮሁበት "ሂዱ፣ ቅደሙኝ፣ እኔ ከሞት ጋር ቀጠሮ የለኝም" ይላል። "ያ ቢጫው ምን ይላል?" ብሎ ጠየቃት መንገድ ዳር ወደ ቆመ ምልክት በአገጩ እየጠቆመ። ቀና ብላ "የመንገድ ሥራ አለ፣ ፍጥነት ቀንስ ይላል" አለችውና ተመልሳ ላፕቶፗ ላይ አቀረቀረች።

ያ የፈረደበት ጣቷ በልቷት ነበር። ታች ጎን ለጎን ካሉት ሁለት በተኖች "አረጋግጥ" በቀኝ፣ "ሰርዝ" በግራ ነው። ልክ ነው? ስልኳን አውጥታ ሌሎች አፖችን ከፈተች። አንዱ አረጋግጥን በቀኝ አድርጎታል። ሌላው በግራ። ሦስተኛው በግራ! ፒክስል "ለምን በቀኝ አደረግሽው?" ቢላት ምን ትመልሳለች? እንዲሁ ደስ ስላለኝ ትበለው? ሁለቱን ቀያየረቻቸው። ትንሽ ቆይታ መለሰቻቸው። ኮሌጁ በር ላይ ሲደርሱ እንደገና ቀያየረቻቸውና፣ ሰዓቱ ደርሷልና፣ ሥራዋን ለፒክስል ላከችለት።

መኪናው ቆሞ አባቷ በር ሲከፍት ነው ትዝ ያላት። የያዘው ቦታ ተለውጧል! "አባዬ" ልትል አፏን ስትከፍት ፒክስል ደረጃው ላይ ቆሟል፤ ወርዶ የአባቷን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ፤ "እንኳን ደህና መጡ አባት፣ በዚህ በኩል ይግቡ" ብሎ ይዞት ሄደ። ከኋላቸው እየተከተለች ራሷን አጽናናች። ቃሉ እኮ በትልቁ ተጽፏል። ዓይን ያለው ሰው ሁሉ ያነበዋል።

ክፍሉ ጢም ብሏል። አባቷን ፊት ለፊት አስቀመጡት፤ እሷ ከኋላው ተቀመጠች፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

"አይጨነቁ" አለው ፒክስል። "የሚፈተነው አፑ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም።"

"እኔማ ፈተና ከተሰናበትኩ ስንት ዘመኔ!" አለ አባቷ፤ ክፍሉ ሳቀ። ሎጎ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ "ፋዘርሽ ተመችተውኛል" አላት።

ፒክስል የሚሠራው ነገር የተጻፈበትን ካርድ ሰጠው። አባቷ ተቀበለው፣ ገለበጠው፣ መለሰለት። "መምህር፣ እርስዎ ያንብቡልኝ። ጽሑፍ ከአስተማሪ አፍ ሲወጣ ነው ደስ የሚለው።" አሁንም ተሳቀ። ፒክስል አነበበለት፤ የጥርስ ክፍል ይምረጡ፣ የሐሙስ ቀን ይያዙ፣ ያረጋግጡ።

ከላይ ሁለተኛው። ትክክል። መሃል ላይ። ትክክል። አውራ ጣቱ ሳያመነታ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ ወረደች። ግድግዳው ላይ ግማሹን ቦታ የያዘ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ቀጠሮዎ ተሰርዟል።

"ይኸው፣ ጨረስን!" አለ አባቷ፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጁን አጨበጨበ።

ልጅቷ ክው አለች። ዝም በይ፣ አለች በሆዷ። ቢሳሳት ችግር የለም። ዝም በይ አንቺ ልጅ።

"አባት፣ ስክሪኑ አሁን ምን ይላል?" ሲል ጠየቀው ፒክስል።

"ቀጠሮዎ ተይዟል ይላላ!"

የሳቀ የለም። ጽሑፉ ከመጨረሻው ወንበር ይነበባል። ፒክስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እስኪ ግድግዳውን ይመልከቱ" አለው። አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ፈገግታው ከንፈሩ ላይ አለ፤ ዓይኑ ግን ግድግዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ይዞራል፣ የሚያርፍበት አጥቶ።

"አዎ... ተይዟል" አለ ቀስ ብሎ።

"ስልክ ብዙም አይጠቀሙም መሰለኝ?"

እዚህ ላይ አባቷ መውጫ አገኘ። "አልጠቀምም መምህር። ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ማንበቡም ብዙ አይሆንልኝም። ጥፋቱ የኔ ነው። የልጄ ሥራ ምንም አይወጣለትም፤ ደግሞም አላሳየችኝም፤ ገና ዛሬ ነው ያየሁት።"

ማንበብ አይሆንልኝም! ያ ጋዜጣ አንባቢው ሰውዬ! ፒክስል ራሱን ነቅንቆ መዝገቡ ላይ መጻፍ ጀመረ። ሎጎ ክርኗን ነካ አድርጎ "አለፍሽ፤ 'ሞካሪው ስልክ አልለመደም' ብሎ እየጻፈ ነው፤ አለፍሽ በቃ" አላት በሹክሹክታ።

እሷ ግን ማለፉ አልታያትም። ጋዜጣው መጣባት። ቢጫው ምልክት መጣባት። ቦታውን ብቻ አሳዪኝ ያለው፣ ጣሪያ ጣሪያውን ያየው። ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ፤ ሰላሳ አንድ ሱቅ፣ በየቀኑ፣ ልጆች ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ሰዓት። ዛሬም ጎኑ ተቀምጣ አቀርቅራ ነበር። እጇ ከጉልበቷ ላይ ተነሣ።

"አባዬ" አለች።

ክፍሉ በሙሉ ዞረ። ሎጎ ዓይኑን ጨፈነ። ፒክስል እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሣና አያት። "ደንብ አፍርሼ አላውቅም" አለ። "አንድ ጊዜ ብቻ እንዳልሰማሁ እሆናለሁ። ተቀመጪ።"

አልተቀመጠችም። "አባዬ፣ አይታይህም አይደል?"

"ምን ማለትሽ ነው? ይታየኛል እንጂ! ተቀመጪ ልጄ፣ ሥራሽን አታበላሺ።"

"እዚያ ግድግዳ ላይ ምን ተጽፏል?"

አባቷ ፊቱን ከግድግዳው አዞረ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ጭጋግ ነገር ነው እንጂ... ይመጣል፣ ይሄዳል። ካምና ክረምት ወዲህ ነው።"

"ጠዋት እንዴት ነዳህ ታዲያ?"

"መንገዱን አውቀዋለሁ" አለ። "ሃያ ስድስት ዓመት እኮ ነው። እያንዳንዷን ጉድጓድ አውቃታለሁ።"

"ይሄንንም አሳይቼህ ነበር እኮ!" ብላ አለቀሰች። "ቀየርኩት አባዬ! ጠዋት ቀየርኩት፤ ሳልነግርህ!" ከዚያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ፒክስል ዞረች። "ቲቸር፣ ትናንት ከሰዓት አስጠንቼዋለሁ። ቦታ ቦታውን ነው ያስያዝኩት።"

ፒክስል መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። "ደንቡን ታውቂዋለሽ" አላት።

"አውቀዋለሁ።"

"ወድቀሻል" አላት፤ ድምፁ ከወትሮው ያነሰ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ የአባቷን ክንድ ይዞ እስከ በሩ ሸኛቸው።

ደረጃውን ሲወርዱ አባቷ እጇን ይዞ ወረደ። ከዚህ በፊት ይዟት አያውቅም፤ አሁን ግን መደበቁ ቀርቷል። መኪናዋ ጋ ሲደርሱ ቆመ። "ምን አለበት ዝም ብትዪ?" አላት። ተቆጥቶ ነበር። "ሊያሳልፍሽ ነበር እኮ! ሦስት ዓመት የለፋሽበትን! ቤት ገብተን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?"

"በምን ነበር ቤት የምንገባው?" አለችው።

ፀሐዩ ከርሮ ነበር። መኪናዋ የግቢውን በር ግማሽ ዘግታ ነው የቆመችው፤ ሲያቆማት ልጅቷ አላየችም። የኮሌጁ ዘበኛ ዱላውን ይዞ ከጥበቃ ጎጆው ወጣ።

"ኧረ በሩን ዘጋችሁብኝ! አንሡልኝ እንጂ፣ ሌላ መኪና ሊገባ ነው!" ብሎ ወደ ሁለቱም ጮኸ። "የታለ ሾፌሩ?"

ልጅቷ አባቷን አየችው። ደረቱን ነፍቶ "እኔ ነኝ" እንዳይል ፈራች፤ ልማዱ ነዋ፤ ሃያ ስድስት ዓመት እንደዚያ ሲል ኖሯል። አባቷ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ እጁን ዘርግቶ እጇን ፈለገና መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

"ሾፌር የላትም" አለው ለዘበኛው። "ሰው ፈልገህ ግፉልን።"